ኤሮግራሙ ላይ ያልሰፈረው መስመር

ፋይዛ የአባቷን አሮጌ የጽሕፈት ዕቃዎች ከአልጋ ሥር ጎትታ አውጥታ ሱቋ መስታወት ውስጥ የደረደረቻቸው ለጌጥ ብላ ነበር። ሱቋ ከሚሴ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከቢሮዎቹ ፊት ለፊት ነው፤ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ በኮምፒውተር ትጽፋለች፣ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች። ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል ብላ እንጂ፣ አባቷን እንደገና ሥራ ላስጀምረው ብላ አልነበረም። እሱ ግን ዕቃዎቹ መስታወት ውስጥ በገቡ በማግስቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮፍያውን አሳምሮ መጣና አጠገባቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሳዋል።

ጀይላን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ፖስታ ቤቱ በረንዳ ላይ ለሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሯል። ልጇ ዐረብ አገር የሄደባት እናት ከገጠር ትመጣለች፤ ፊደል አታውቅም፤ እሱ ፊት ቁጢጥ ብላ የሆዷን በኦሮምኛ ትነግረዋለች፣ እሱ በአማርኛ ይጽፈዋል፣ ሲያነብላት ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል። ስልክ በየሰው ኪስ ሲገባ ሥራው ቀስ በቀስ ሞተ። በአንድ የገበያ ቀን ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጦ አንድም ሰው ሳይመጣበት ቀረና ዕቃውን በካርቶን ሸክፎ ቤቱ ገባ። ያን ቀን ሚስቱ በሕይወት ነበረች፤ ለምን ቀድሞ እንደመጣ እንኳ አልጠየቀችውም።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ አይደለም። ቀለሙ ሥሩ ላይ ደርቆ የቀረበት ብልቃጥ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ብዕር፣ ጠርዙ የተበላ የእንጨት ማስመሪያ፣ እጀታ ያለው ቀለም መምጠጫ፣ አሥራ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ሳይጻፍባቸው የቀሩ ሦስት ኤሮግራሞች። እንግዲህ በዚህ ዕቃ ነው የከሚሴ ሰው ልቡ የፈሰሰው። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መምጠጫውን በእጁ አገላብጦ ሲያይ እንባ አቀረረ። አንድ መምህር ደብተሩን ገልጦ አፍንጫው ላይ ደፋና የልጅነቴ ሽታ ነው አለ። ድሮ እኮ ደብዳቤ ክብር ነበረው ይላሉ ሁሉም፤ አሁን ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልካል፣ ያኛው ሰምቶ ያጠፋዋል፣ ምን ይቀራል? ጀይላን ይህን ሲሰማ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል። መሽኮርመሙ ግን አፉን አያዘጋውም።

ኤሮግራም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ያስረዳል፦ ራሱ ወረቀት፣ ራሱ ፖስታ ነው፤ ስስ ሰማያዊ፤ ጽፈህበት ታጥፈዋለህ፣ ጠርዙን በሙጫ ትለጥፋለህ፣ ባሕር ይሻገራል፤ ውስጡ ሌላ ነገር ከከተትክበት ግን አይሄድልህም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዝም ብሎ አይጻፍበትም። መጀመሪያ ደብተር ላይ ይረቀቃል፣ ለባለቤቱ ይነበባል፣ ባለቤቱ ይሁን ሲል በጥሩ እጅ ጽሑፍ ወደ ኤሮግራሙ ይገለበጣል፤ የተገለበጠው አንቀጽ ሁሉ ደብተሩ ኅዳግ ላይ ራይት ይደረግበታል። ይህን አስረድቶ ሲጨርስ በእጄ የመጣ አንድ ቃል ጠፍቶ አያውቅም ይላል። እውነት መስሎትም ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሙሀመድአሚን የሚባል ሰው ወረቀቶቹን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጣ። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ ጥርሶቹ ከፊት የጎደሉ ሰው ነው። ሳዑዲ ሃያ ስምንት ዓመት ኖሮ ከአራት ወር በፊት ተይዞ ፓስፖርት ለሌለው በሚሰጥ የመመለሻ ወረቀት፣ በሊሴ ፓሴ፣ ተመልሷል፤ አሁን መታወቂያ ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ፋይዛ ወረቀቶቹን ስትቀበለው ዓይኑ መስታወቱ ላይ ወደቀ፤ ኤሮግራሙን አይቶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ይቺንማ አውቃታለሁ አለ። የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠየቅ የዘምዘም ልጅ ነኝ፣ የአብዱልጀሊል፣ አለ። ጀይላን ዘምዘምን ወዲያው አስታወሳት፤ ረጅም፣ ሳቋ በረንዳውን የሚሞላ ሴት ነበረች። ለሁለት ሦስት ዓመት በየወሩ ስትመጣ ኖራ ድንገት ቀረች፤ ሌላ ጸሐፊ ይዛብኝ ይሆናል ብሎ ተቀይሟት ነበር።

ሙሀመድአሚን ከቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የእናቱ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከቤት ቤት ሲሸሽ፣ እስር ቤትም ሲገባ አልተለዩትም። ከሁሉ በላይ ያለውን ጠርዙ የተበላሸ ኤሮግራም በጥንቃቄ ዘረጋው።

«ከሁሉ ይቺን ነው የምወዳት፣ ጋሽ ጀይላን» አለ። «ሰፈሩን በሙሉ ይዛልኝ ነው የመጣች። እስር ቤት ስሆን ስሞቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ ነው የምተኛ። የእርስዎ እጅ ናት፤ አላህ ይስጥልኝ።»

የራሱ እጅ ናት። ፊደሎቹ እንደ ተተከለ ቡቃያ እኩል ቆመዋል። አሰላሙ ዓለይኩም ብላ ትጀምርና ጎረቤት ሪሀና እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፣ የሱዓድ እናት ናፍቆትህን አልቻልንም ብላሃለች፣ አዲስ የተወለደው ሳዳምም ሰላም ብሎሃል፣ እያለች ሃያ ሁለት ሰው ቆጥራ፣ ቦታ ስለጠበበኝ በዚሁ አበቃለሁ ብላ ታልቃለች። ቀኑ ሐምሌ አሥራ አራት፣ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው።

ከዚያች ወዲያ ከእናቱ ደብዳቤ መጥቶለት አያውቅም። አባቱ መሞቱን የሰማው ለሐጅ ከመጣ ያገር ሰው ነው፤ ድንገት ነው ብሎት ነበር ሰውየው፣ ወይ ሳያውቅ ወይ አዝኖለት። ከዚያ ደብዳቤ ቢጽፍ መልስ የለም። ስልክ ሲመጣ ደግሞ እናቱ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ ትልና ስልኩን ለእህቱ ትሰጣለች፤ እህቱም እናቷን ፈርታ ያለፈውን አታነሣበትም። አሁን ተመልሶ እቤቷ ገብቷል፤ ታበላዋለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ልጄ ብላ ግን አትጠራውም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብሎ እግሯ ሥር ሲወድቅ አላህ አውፍ ይበልህ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ምን አጠፋሁ ብሎ ቢጠይቃት ታውቀዋለህ ትለዋለች። የፊታችን ቅዳሜ ደሴ ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ትሆናለች፤ ዕድሜዋ ሄዷል፣ ሐኪሙም ልቧ ደካማ ነው ብሏል። አውፍ ሳትለኝ ብትሞት ምን እሆናለሁ አለ ሙሀመድአሚን፤ ይህን ሲል ፋይዛ የፎቶ ኮፒውን ማሽን አቆመች።

«እርስዎ ደብዳቤዋን ሲጽፉ ሆዷን ያወጣችልዎት ነገር ካለ ብዬ ነው» አለ። «እኔ ምንም አላገኘሁበት።»

ጀይላን ቀኑ ላይ ጣቱን አስቀመጠ። ደብተሬን ልይና እነግርሃለሁ አለው፤ ደብዳቤዋንም እስከ ሐሙስ ተወልኝ አለው። ሰውየው አመስግኖ ወጣ።

ያን ቀን ከሰዓት ዘጠነኛውን ደብተር ከመስታወቱ አወጣ። ገጹን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ለዚህ ነበር እኮ ሲኮራ የነበረው። ሰላምታው ሁሉ በተራ ሰፍሯል፣ ኅዳጉ ላይ ራይት በራይት ነው። ከታች፣ ከሃያ ሁለተኛው ሰው ቀጥሎ፣ ራይት የሌለበት አንቀጽ አለ። «አባትህ ከታመመ ሁለት ወሩ ነው፤ ከአልጋ አይነሣም። ስምህን እየጠራ ነው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ሁሉን ትተህ ና። በነፍሱ ድረስለት።»

ጀይላን ያን ቀን አሁን የሆነ ያህል መጣበት። የገበያ ቀን ነበር። ዘምዘም ብቻዋን አልመጣችም፤ ጎረቤት ሁሉ ተከትሏት በረንዳውን ሞልቶት ነበር፣ እያንዳንዱም የኔን ስም ጻፍ ይል ነበር። ያን ጊዜ ደብዳቤ ሥርዓት ነበረው፤ ሰላምታ ይቀድማል፣ ጉዳይ መጨረሻ ይመጣል፤ ዘሎ ጉዳይ ውስጥ የገባ ደብዳቤ ባለጌ የጻፈው ይባላል፣ ስሙ የተዘለለ ጎረቤትም ዓመት ሙሉ ያኮርፋል። ሁሉን ጽፎ ሲጨርስ ጎረቤቶቹ ተበተኑ፤ ዘምዘም ብቻዋን ስትቀር ነው የመጨረሻዋን የተናገረችው። ኮቱ ጄዺን አለችው፣ ና በለው፣ እያለቀሰች። ከደብተሩ አነበበላት። ይሁን ብላ ነጠላዋን አገልድማ ወጣች።

ወደ ኤሮግራሙ ሲገለብጥ ቦታው ሰላምታው ላይ አለቀ። ሌላ ኤሮግራም ሊገዛ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ከደሴ እስኪመጣ የለም አሉት። የፖስታው መኪና ሞተር ተነሥቷል። ይቺ ትሂድ፣ የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ እጽፍለታለሁ ብሎ አጥፎ ለጠፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ረሳው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም፤ ረሳው። በመስከረም የአብዱልጀሊልን ሞት ሲሰማ ጥርጣሬ ገብቶት ነበር፤ ጽፌዋለሁ መቼም ብሎ ራሱን አሳመነና ደብተሩን ሳይገልጥ ቀረ። ቢገልጠው ኖሮ ያን ጊዜ እንኳ ብዙ ነገር ይድን ነበር።

ለፋይዛ ነገራት። ፋይዛ አባቷን የምትወድ ልጅ ናትና ልጆች የሚሉትን አለች። ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እናቲቱ ልቧ ደካማ ነው፤ ይህን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል? ደብተሩ ላይ ምንም አላገኘሁም ብትለው ነገሩ በዚያው ይቀራል አለችው። ደግሞም ከተማው ሙሉ ስላንተ እያወራ ነው አለችው፤ ይህን ባትለው ይሻል ነበር። ጀይላን እውነት ለመናገር ማክሰኞንና ረቡዕን በዚህ ምክር ኖረ። ሱቁ አልሄደም። አሞኛል ብሎ ተኛ፤ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ ያንን ብዕር እኮ ልጄ ካላየሁ አለኝ ሲለው ፊቱን ሸፈነ። ያፈረው ሰዎቹን ነው እንዳይባል ሰዎቹ ምንም አያውቁም። ዘምዘምን ብቻ ነበር ያፈረው፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በረንዳው ላይ የተናገረችውን ኮቱ ጄዺን አሁንም እየሰማው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ደብተሩንና ኤሮግራሙን ይዞ ባጃጅ ኮንትራት ያዘና ዘምዘም ወዳለችበት ቀበሌ ሄደ። ፋይዛ ልከተልህ ብትለው እምቢ አላት።

ዘምዘም መደቡ ላይ ጋቢ ደርባ ተጋድማ ነበር። ያ ቁመት የት እንደገባ እንጃ፤ ጋቢው ውስጥ የልጅ ያህል ሆናለች። አከም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ ብሎ ገባ። ድምፁን ወዲያው አወቀችው፤ አንተ ጀይላን፣ አለህ እንዴ አለችና ልትነሣ ሞከረች። ሙሀመድአሚን ደግፎ አስቀመጣት፤ ስታበቃ እጇን ቀስ አድርጋ ከእጁ አወጣች። ጀይላን ያቺን እጅ አየ። ተቀመጥ ሲባል አልተቀመጠም።

«እትዬ ዘምዘም፣ አውፍ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አለ። «መጀመሪያ ላንብብላችሁ። ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ።»

ኤሮግራሙን አነበበ፣ እንደ ድሮው ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ፤ ሃያ ሁለቱን ሰላምታ አንድም ሳይዘል። ከተጠሩት ግማሾቹ ሞተዋል፤ ዘምዘም በያንዳንዱ ስም ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ቦታ ስለጠበበኝ በዚሁ አበቃለሁ ብሎ ሲያቆም ቀና አለች። የቀረውስ አለችው። ልጅሽ ጋ የሄደው ይህ ብቻ ነው አላት። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና የቀረውን አነበበ። ያን ጊዜ ለሷ ያነበበላት ከዚህ ደብተር እንደነበር፣ ልጇ ይህን መስመር በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ፣ ኤሮግራም ማለቁን፣ መኪናው መነሣቱን፣ መርሳቱን ነገራት። ስለ ኤሮግራሙ ሲያበዛ እጇን አነሣችና አስቆመችው። እዚያ ላይ ማብዛቱ እሱንም አሳፍሮት ነበር።

ሙሀመድአሚን በሩ አጠገብ ቆሞ ነው የሰማው። «አባቴ ስሜን ይጠራ ነበር?» አለ። ሃያ አምስት ዓመት ድንገት ሞተ ብሎ የኖረ ሰው ነው፤ ይህቺን እንኳ አያውቅም።

ዘምዘም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደሱ አዞረች።

«ሰንበቴ ገበያ በሬ ሊሸጥ ሲሄድ የሚያድርበትን ፍራሽ አምጡልኝ አለና እዚያ በሩ ጋ አስነጠፈ» አለች። «መንገዱን ለማየት ነው። ደብዳቤው ሄዷል ብዬዋለሁ፤ ቀን ይቆጥራል። መኪና ድምፅ ሲሰማ ቀና ይላል። በመጨረሻዋ ዕለት ‹ዛሬም አልመጣም?› አለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ተናድጄብህም ነበር። ‹ተወው፣ ልጅህ ጨክኖብሃል፣ አትጠብቀው› አልኩት። ከዚያ በሩን ማየት ተወ። ያቺን ከኔ አፍ ሰምቶ ነው የሄደው።»

ውጭ ፍየል ይጮህ ነበር፤ የጎረቤት ሰው በኦሮምኛ እየተቆጣ አባረረው። ዘምዘም ጋቢውን ከላይዋ ገፍፋ ሁለት እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች።

«ኢልመ ኮ» አለች፣ ልጄ። «አውፍ የምትለኝ አንተ ነህ። እኔ ለአባትህ ዋሽቼብሃለሁ።»

ሙሀመድአሚን መደቡ ሥር ተንበርክኮ ፊቱን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረ። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ጥርሱ የረገፈ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ እናቱ ግን ዓይኗን አልነቀለችበትም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያልዳሰሰችውን ራስ በእጇ ታሽ ነበር።

ጀይላን ከቆመበት ሆኖ አውፍ በሉኝ አለ፣ ሁለተኛ። ዘምዘም አውፍ ብዬሃለሁ አለችው፤ ገበያ ውስጥ እግሯን የረገጣትን ሰው እንደምትለው። ልጇም ቀና ሳይል እጁን ነቀነቀ። ይኸው አለቀ፤ ስድብ የለ፣ እርግማን የለ። ጀይላን ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ብዙ ነገር ሲያዘጋጅ ነው የመጣው፤ ብትረግመኝ ይህን እላታለሁ፣ ብታባርረኝ ደጅ እቀመጣለሁ ብሎ። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም ነበር። ከሱ የሚፈለግ ምንም ነገር እንደሌለ ሲገባው ነው መደቡ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው።

ዘምዘም የልጇን ራስ ቀና አደረገች። አባትህ፣ አለች ለልጇ፣ አባትህ ከመታመሙ በፊት፣ አለችና ቃሉ ጠፋት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቆመች። እንዲህ ጢሙ ከሸበተ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራ አታውቅም፤ ሲሄድ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ የሆዷን የተናገረችው ሁሉ በደብዳቤ ነው። ጀይላን አየና አዘነላት። አባቱ ከመታመሙ በፊት ምን እንዳለ ንገሪኝና እኔ አሳምሬ ልበልልሽ ሊላት ወደሷ ዘንበል አለ፤ ደብተሩንም ጭኑ ላይ አመቻቸው።

ዘምዘም ደብተሩን አየችው። አልተቆጣችም፤ ድክም ባለ ድምፅ፣ አሮጌ ወዳጅን እንደምትለምን ሆና ነው የተናገረችው።

«ተወው፣ ጀይላን» አለች። «ቢሰበርም ቢጎድልም ራሴ ልንገረው። አንተ ውጣልን።»

ጀይላን ተነሣ። ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያደርግ ዘምዘም እንደገና ስትጀምር ሰማ፤ ምን እንደምትል ግን ሳይሰማ በሩን ዘጋላቸው።